ያንቺ በረኛ

ሆቴል ክፍል ማጽዳት ትቼ ልጅ መያዝ የጀመርኩት ወገቤ አልታዘዝ ቢለኝ ነው። ከቸርቻችን አንዲት እህት ሰዘርን ሃይላንድስ የሚባል የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ ቤት ታጸዳ ነበርና፣ «አዲስ የገቡ ባልና ሚስት አሉ፤ ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሰው ይፈልጋሉ» ብላ በመስከረም መጨረሻ ወሰደችኝ። በሩን የከፈተችልኝ ሚስትየዋ ነበረች። ካናዳ ውስጥ ስንዴና በረዶ ብቻ ካለበት አገር የመጣች፣ ገና ልጅ የምትመስል ቀጭን ሴት ናት። ሕፃኗን በአንድ እጇ ታቅፋ በሌላው ካርቶን ትጎትታለች። ሰላም ሳንባባል ሕፃኗን ለእኔ አቀበለችኝና ካርቶኑን በሁለት እጇ ያዘች። ሥራ የጀመርኩት በዚያች ደቂቃ ነው።

«ባልሽ ምንድን ነው የሚሠራው?» አልኳት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

«ሆኪ ይጫወታል» አለች። «በረኛ ነው። ሁለተኛ በረኛ። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ይቀመጣል።»

ማታ ራት ላይ ይህንኑ ለባሌ ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ። ባሌ ካዚኖ ውስጥ የቁማር ማሽን ይጠግናል። ዲቪ ደርሶት ወደዚህ ከተማ ሲመጣ የሥራ ባልደረቦቹ የሚያወሩት ስለ ሆኪ ብቻ ነበር፤ ከእነሱ ጋር ለመግባባት ብሎ ጀመረው፣ ከዚያ መላቀቅ አቃተው። ሰው ከቤቱ መኪናው ጋ እስኪደርስ በሚቃጠልበት ከተማ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ቡድን መውደድ ለእኔ እብደት ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ማሊያውን ከዩኒፎርሙ ሥር ለብሶ ሥራ ይሄዳል።

«የማን ቤት እንደገባሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ሁለተኛው በረኛ ቤት ነው። ይቀመጣል አለችኝ።»

ወዲያው ቀዘቀዘ። «እሱማ ለቁጥር ነው የመጣው። ትልቁ በረኛ እያለ ማን ያስገባዋል!» አለ። ቆየት ብሎ ግን፣ «ፊርማ ታመጪልኛለሽ ኣ?» አለኝ። አላመጣም አልኩት። ሰው ቤት ሥራ ገብቼ ፊርማ አልለምንም።

ጥቅምት ሳያልቅ ትልቁ በረኛ ጉልበቱን ተጎዳ። ለቁጥር የመጣው ሰውዬ ገባ፤ በገባ ቀን አሸነፈ። በሚቀጥለውም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ማሸነፉን የሚያቆመው ጠፋ። ቲቪ ላይ የሚያወሩት ሰዎች ከየት እንደመጣ ይጠያየቁ ጀመር። ባሌም ስም አወጣለት፤ «ያንቺ በረኛ» ይለዋል። «ያንቺ በረኛ ትናንት ያዳናትን አየሽ? በእግሩ ጫፍ! በእግሩ ጫፍ እኮ ነው!» ቸርች ስንሄድ ደግሞ አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች መጥተው ይጨብጡኛል፤ ሰላምታ አድርሺልን ይሉኛል፤ ቲኬት ታገኚልን ይሆን የሚሉም ነበሩ። በአልጋ አንጣፊነቴ ማንም ጨብጦኝ አያውቅም።

እኔም ጨዋታውን ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ በዱላ የሚመቷት ጥቁሯ ጎማ የት እንዳለች እንኳን አትታየኝም ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲነሳ እነሳለሁ። እሱን ግን አየዋለሁ። ያን ሁሉ መከላከያ ለብሶ፣ ፊቱን በብረት ሸፍኖ የሚቆመው ሰው ቀን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ በካልሲ የሚዞረው ዝምተኛ ልጅ መሆኑን ማመን ያስቸግረኝ ነበር። ጨዋታ ባለበት ቀን ሩዝና ዶሮ ይበላል፣ ከዚያ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይተኛል። እሱ በተኛበት ሰዓት ማንም ምንም አያንኳኳም። ሕፃኗን በጋሪ አድርጌ ወደ መናፈሻው እወስዳታለሁ፤ ካለቀሰች ሌላ ዙር እዞራለሁ፤ ከነቃ በኋላ ነው የምንመለሰው። ሲያሸንፍ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከድሉ አንዷ ቁራጭ የእኔ ትመስለኝ ነበር። እንቅልፉን ጠብቄለታለሁና።

ሕፃኗ ከእኔ ጋር ስትውል አማርኛ ለመደች። መጀመሪያ የያዘቻት ቃል «እምቢ» ናት። ማንኪያ ስትወረውር፣ ሶኬት ስትነካ ስከለክላት እሷም «እምቢ» ትላለች፤ እኔ አፈር አትብዪ ስላት «እምቢ!» ብላ ትስቃለች። እናቷ «ምን ማለቷ ነው?» ስትለኝ፣ «አልፈልግም ማለት ነው» አልኳት። «እንግዲያው እውነተኛ ልጄ ናት» አለች። የዚያን ጊዜ ቤቱ ሳቅ ነበረበት።

ታኅሣሥ ሲገባ ተበላሸ።

ምን እንደተበላሸ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰውዬው ያው ነው፤ ይተኛል፣ ሩዙን ይበላል። ግን ጎል ይገባበት ጀመር። መጀመሪያ ለመያዝ ከባድ የሆኑት ገቡ፣ ከዚያ ሕፃን የሚይዛቸው የሚመስሉ ቀላሎች ገቡ። አጥቂ ቢስት ሰው ይረሳለታል፤ በረኛ ሲስት ከኋላው ቀይ መብራት ይበራበታል፣ ጥሩንባ ይነፋበታል። ከወር በላይ ስሙን ሲጠራ የነበረ ሕዝብ በአንድ ምሽት «ኡኡ» አለበት። ቤት ውስጥ ቲቪ ላይ ሳየው ጆሮዬን ያዝኩ።

እኔን ያሰለቸኝ የሁለቱ ቤቶች ነገር ነው። እነሱ ቤት ስለ ጨዋታው ማንም ቃል አይተነፍስም። ጠዋት ስገባ ሚስትየዋ ስለ አየሩ፣ ስለ ሕፃኗ ጥርስ ታወራለች፤ እሱ ቡናውን ይዞ በመስኮት ወደ ተራራው ያያል። ማታ ቤቴ ስመለስ ደግሞ ከዚያ በቀር የሚወራ ነገር የለም። ባሌ በሩ ላይ ይቀበለኛል። «እስቲ ዛሬ ምን ይላል? አሞታል እንዴ? ዓይኑን ቼክ አድርጓል? ያቺ ሦስተኛዋ እኮ በእግሩ መሀል ነው የገባችው! በእግሩ መሀል!»

«እኔ ልጅ ነው የምይዘው» እላለሁ። «እግሩን አልይዝም።»

«ንገሪያታ ለሚስቱ! ትንሽ ወደ ፊት ወጥቶ ይቁም በያት!»

ይህን ሲል አይቀልድም። ቁማር ማሽን ሲበላሽ ከፍቶ ያያል፣ የተቃጠለውን ያወጣል፣ ሌላ ይከታል፣ ይሠራል። ሰውም እንደዚያ ይመስለዋል። እኔ በጸሎት ቡድናችን «ለአንድ ወጣት ቤተሰብ» ብዬ ርዕስ አስይዣለሁ፤ ስማቸውን አልተናገርኩም፣ ሁሉም ግን ያውቃል። ባሌ ጎኔ ተንበርክኮ ሰውዬው ለሌላ ቡድን እንዲሸጥ ይጸልይ እንደነበር በኋላ ራሱ ነገረኝ። አንድ ምንጣፍ ላይ ሆነን ነው።

የገና ዕለት እንግዶች ጠርተን ነበር። ዶሮውን በልተን እንደጨረስን ጨዋታ አለ ተባለና ወንዶቹ ቲቪው ፊት ተደረደሩ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ጎል ገባበት። ከእንግዶቹ አንዱ፣ የባሌ የሥራ ባልደረባ፣ «ይህ ሰውዬ ዓይነ ስውር ነው እንዴ?» አለ። ባሌ ሳቀ። ሌላው «ሚስቱ ናት ያሟረተችበት» አለ፤ አሁንም ተሳቀ። ሦስተኛው ጎል ሲገባ ባሌ ተነስቶ፣ «አንተ ከብት! ውጣልን!» ብሎ ቲቪው ላይ ጮኸ።

ወጥ ቤት ሆኜ ሰሃን እያደረቅኩ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት ያ «ከብት» የተባለው ሰው ወለል ላይ ተንበርክኮ ሕፃኗን ጀርባው ላይ አሳፍሮ ሲሄድ አይቼዋለሁ። መጥቼ ቲቪውን አጠፋሁት።

ከቸርቻችን ከተጠሩት ውስጥ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ነገሩን ለማብረድ ፈልገው፣ «ልጄ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለም?» አሉኝ።

«እርስዎን አይደለም አባቴ» አልኳቸው። «ግን እኔ ተቆጥቻለሁ።»

ባሌ ሪሞቱን አንስቶ መልሶ አበራው። እኔም ወጥ ቤት ተመለስኩ፤ የቀረውን ሰሃን እያጠብኩ ቆየሁ። እንግዶቹ ሲወጡ የተሰናበቱኝ አዛውንቱ ብቻ ናቸው።

ከገና በኋላ ሳምንት አለፍ ብሎ ሕፃኗን ጆሮዋን አመማት። ሌሊቱን ሁሉ ስታለቅስ ስላነጋች እናቷ ጠዋት ሕፃኗን ለእኔ ትታ ሻወር ገባች። በረኛው ልምምድ ላይ ነበር። ሕፃኗ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። ባሌ ነው። በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም፤ ምን ሆነ ብዬ ደነገጥኩ።

«ሰማሽ?» አለኝ። ከኋላው የማሽኖቹ ጫጫታ ይሰማል። «ትሬድ አደረጉት! ተገላገልነው! ሽማግሌ በረኛ አመጡልን፣ ልምድ ያለው!»

«ማንን ነው ትሬድ ያደረጉት?»

«ያንቺን ነዋ!»

«ትሬድ ማለት... ይሄዳል ማለት ነው?»

«ዛሬውኑ ነው የሚሄደው። ምነው፣ አልነገሩሽም እንዴ? ስልክ ላይ ሞልቷል እኮ!»

ዘጋሁበት። የሚስትየዋ ስልክ ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ድምፁ ተዘግቶ፣ ይበራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል። ፎቅ ላይ የሻወሩ ውሃ ይወርዳል። የዚያ ቤት ሰዎች ሕይወት ተገልብጦ፣ ከተማው ሁሉ ሰምቶ፣ ካዚኖ ውስጥ ያለ ባሌ ሰምቶ፣ እሷ ብቻ ፀጉሯን እየታጠበች ነበር። ስልኩን ይዤ ወጣሁና የሻወሩን በር አንኳኳሁ።

«ስልክሽ እየጠራ ነው!»

«ተይው፣ በኋላ እደውላለሁ!» አለች ከውስጥ።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ምን ልበላት? ቃሉ ከእኔ አፍ መውጣት የለበትም፤ የባሏ ነው። ዝም ልበል ብልም ፊቴ ይናገራል። ወርጄ ጠበቅኩ። ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ እየሳቀች መጣች። የሕፃኗ ልደት በጥር መጨረሻ ስለነበር ኬኩን በምን ቅርጽ እንደምታዝ ሻወር ውስጥ ሆና አስባለች። ዝሆን ይሁን ወይስ ጥንቸል?

«ለባልሽ ደውዪ» አልኳት።

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ ደውዪ።»

አየችኝ። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ቆመ። ምን ሆነ አላለችም፤ ሞተ ወይ፣ ታመመ ወይ አላለችም። የተጫዋች ሚስቶች ይህችን ቀን ከተጋቡበት ዕለት ጀምሮ ይጠብቋታል መሰለኝ።

«የት?» አለችኝ።

የት እንደሆነ አላውቅም ነበር! ባሌ ማን እንደመጣለት ነገረኝ እንጂ ሰውዬው የት እንደሚሄድ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። «አላውቅም» አልኳት። ስልኩን ወሰደችና ወደ ጓሮ ወጣች። በመስታወቱ አየኋት፤ በባዶ እግሯ፣ በዚያ ብርድ፣ ፎጣው ከራሷ ላይ ወልቆ ወድቆ ቆማ ታወራለች።

በረኛው ከልምምድ መጥቶ ሁለት ሻንጣ ሞላ። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በአገሩ በሌላው ዳርቻ ወዳለ ብርዳም ከተማ። ሕፃኗን አቅፎ ቆየ፤ እሷ የታመመውን ጆሮዋን ደረቱ ላይ አሻሸች። ሲወጣ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እስኪዘዋወሩ አብረሻቸው ትቆያለሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ስለ እንቅልፌም አመሰግናለሁ» አለና ወጣ።

የዚያን ዕለት ቤቴ ስገባ ባሌ ዶናት ገዝቶ ጠበቀኝ። ዶናት!

«ቢዝነስ ነው እኮ» አለ ፊቴን ሲያይ። «የሚከፈላቸው ለዚህ ነው።»

«ሚስቱ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? 'የት?' ነው ያለችኝ። አንተ ደውለህልኝ፣ እኔ ባሏ የት እንደሚሄድ እንኳን ሳላውቅ።»

«እና እኔ ምን አጠፋሁ? እኔ ነኝ የሸጥኩት?»

እሱ አልሸጠውም፤ ይህ እውነት ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ የምቆጣው ሰው አጣሁ። አሠልጣኙን አላውቀውም፤ የቡድኑን ባለቤቶች አላውቃቸውም። የማውቀው ባሌን ነው፤ እሱም ዶናት ይዞ ቆሟል። ዶናቱን ሳልነካ ተኛሁ።

ሽማግሌው በረኛ በመጀመሪያ ጨዋታው አሸነፈ፤ ባሌ ሁለት ቀን እያፏጨ ዋለ። በሁለተኛው ጨዋታ ብሽሽቱን ይዞ በረዶው ላይ ተዘረረና ተደግፎ ወጣ። ለቀረው የውድድር ዘመን አይመለስም ተባለ። ባሌ ማታውን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል፤ ቲቪው ጠፍቷል። «ይህን ሁሉ ሰጥተን!» ይላል። «ያንቺን በረኛ ሰጥተን!» አሁን እንደገና የእኔ ሆነለት።

ሚስትየዋ ወዲያው መከተል አልቻለችም። የሕፃኗ ጆሮ ቶሎ አልዳነም፤ ሐኪሙ አውሮፕላን ከለከለ። ባሏም የሚቆየው ሆቴል ውስጥ ነው፤ መቆየቱ እስኪለይለት ቤት አትያዝ ብለውታል። ልደቷን ሦስታችን አከበርን፤ እናት፣ ልጅና እኔ። አባቷ በስልክ ሊዘምርላት ሲጀምር ምስሉ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ሕፃኗ የዝሆኑን ኩምቢ በላች።

የአዲሱ ቡድኑ ተራ ደርሶ ወደ ከተማችን ሲመጣ ጨዋታው እሁድ ከሰዓት ላይ ዋለ። ሚስትየዋ ለእንግዳ ተጫዋቾች ቤተሰብ የሚሰጠውን ቲኬት አገኘችና ሁለቱን ለእኔ ዘረጋች። «ባልሽንም አምጪው። ሆኪ ይወዳል አላልሽኝም?» አለች። ይወዳል ነው ያልኳት፤ አወዳደዱን አልነገርኳትም። «እሁድ እሱ ነው የሚቆመው፤ የድሮ ቡድኑ ስለሆነ ያስገቡታል» አለች። ካናዳ ያሉ ወላጆቹ ለማየት ጎረቤት ጠርተዋል።

የጸሎት ሰዓት አስቀርቼ ሄድኩ። ባሌ ማሊያውን ለብሶ መጣ። «አውልቀው» አልኩት መኪና ውስጥ። «ቡድኔ ነው» አለ። ፓርክ አድርገን ስትሪፑን፣ ካዚኖዎቹ የተደረደሩበትን ትልቁን ጎዳና፣ አቋርጠን ገባን። ሚስትየዋ ሕፃኗን ድምፅ የሚከላከል ትልቅ ጆሮ ማፈኛ አድርጋላት ተቀምጣለች። ባሌን ጨበጠችው፣ ማሊያውን አይታ ፈገግ አለች፤ «እኔም አንድ አለኝ፤ ምን እንደማደርገው አላውቅም» አለች።

ቡድኖቹ ገቡ። በረኛው ከረድፉ መጨረሻ ወጣ፤ ግን ወደ ጎሉ አልሄደም። ሌላው በረኛ ነው የሄደው። የእኛ ሰው የራስ መከላከያውን አውልቆ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ የተጠባባቂ ወንበሩ ዳር ተቀመጠ። ሚስትየዋ ስልኳን አወጣች፤ የባሏ እናት ይመስለኛል የጻፈችላት፤ አንብባ መልሳ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ጨዋታ የለም፤ ያየሁት እሱን ነው። ተጫዋቾቹ ሊገቡ ሲመጡ የወንበሩን አጥር በር ይከፍትላቸዋል፤ ሲያልፉ ይዘጋል። ይከፍታል፣ ይዘጋል። ባሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና በአማርኛ፣ «አሁንስ እውነተኛ በረኛ አደረጉት» አለ። ሊያስቀኝ መስሎኝ ልቆጣ ዞር ስል ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። የኛ ቡድን ሁለት ጎል ሲያገባ ሰው ሁሉ ሲነሳ ባሌ ተቀምጦ ቀረ። በመጨረሻ ሦስት ገብቶብን ተሸነፍን፤ ያኔም ተቀምጦ ነበር። ሕዝቡ እየተሳደበ ወጣ። ያሸነፉትም ያልተጫወተውን ሰው አልፈውት ተቃቅፈው ገቡ።

ከታች ባለው መተላለፊያ ቤተሰብ ይጠብቃል። ሱፍ ለብሶ፣ ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ መጣ። አውቶቡሱ ወደ አየር ማረፊያ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ነው ያለው። ሚስቱን አቀፈ፤ ከዚያ ለሕፃኗ እጁን ዘረጋ። እሷ የቀን እንቅልፏን ሳትተኛ ውላ፣ ያ ሁሉ ጫጫታ አድክሟት፣ እሱም ጢሙን አሳድጎ ነበር። አየችው። ከእናቷ እቅፍ ዞራ ወደ እኔ ተንጠራራችና፣ «እምቢ!» አለች።

የዚያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልፈልግሽም፣ ሂጂ ወደ አባትሽ፣ እላለሁ በልቤ፤ ሕፃኗ አንገቴን ይዛለች።

«ምን አለች?» ሲል ጠየቀ።

ሚስትየዋ ታውቃለች፤ አልተናገረችም። «ደክሟታል» አልኩት። «ደክሞኛል ነው ያለችህ።»

ራሱን ነቀነቀ። በጣቱ ጉንጯን ነካ አደረጋት። ከዚያ ባሌን አየና ማሊያውን ተመልክቶ እጁን ዘረጋለት። «ዘንድሮ ላሳዘንኳችሁ ይቅርታ» አለው።

ገና ዕለት «ከብት» ብሎ የጮኸው ባሌ የሰውዬውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ አጎንብሶ፣ እኛ አገር ትልቅ ሰው እንደሚጨበጥ አድርጎ ጨበጠው። አፉን ከፈተ፤ እንግሊዝኛው ጠፋበት። ከዚያ ሰውዬውን ጠሩትና ሄደ።

መኪና ውስጥ ባሌ፣ «ማስገባት ነበረባቸው» አለ። «አንድ ቀን ነው፤ ልጁ ፊት ማስገባት ምን ይጎዳቸዋል?»

«አንተ እኮ ነህ ይውጣ ያልከው።»

«ከኛ ነው ያልኩት! ከኛ ይውጣ ነው ያልኩት!» ብሎ ጮኸብኝ፤ መሪውንም መታው። እኔም ጮኽኩበት። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ቀይ መብራት ላይ ቆመን ጎናችን ያሉ ሰዎች መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ያዩን ነበር።

የካቲት ሳያልቅ ሚስትየዋና ሕፃኗ ሄዱ። ቤቱ ለሌላ ሰው ተከራየ። በየመሀሉ ትደውላለች፤ አንድ ጊዜ ተጫውቶ አሸንፏል፣ ከዚያ መልሶ ተቀምጧል። ያሉበት ከተማ ብርዱ ሕፃኗን ከቤት አያስወጣም። የሚረዳት ሰው አላገኘችም። ከውድድር ዘመኑ በኋላ የት እንደሚሆኑም አታውቅም።

እኔ ወደ ሆቴሉ ተመለስኩ። የክፍል ጽዳት ኃላፊዋ ደግ ሴት ናት፤ ተቀበለችኝ። ግን እንደ አዲስ ሰው ነው። ያ ሁሉ ዓመት በመሥራቴ ያገኘሁት ሲኒየሪቲ፣ የነባር ሠራተኛ ቅድሚያ፣ ስለቀቅኩ ተሰርዟል። የጠዋት ሺፍቴን ሌላ ሰው ይዞታል፤ እሁድ ዕረፍት የለኝም። ከቸርች ሰዎች አንዷ፣ «ምነው ጠፋሽ?» ብላ ስትደውልልኝ ምን ብዬ ልንገራት? በረኛ ጉልበቱን ስለተጎዳ፣ ሌላ በረኛ ብሽሽቱን ስለያዘ ነው ልበላት?

ባሌ እንደገና ማየት ጀምሯል። አሁን በጎሉ የሚቆመው ከታችኛው ቡድን የመጣ ልጅ ነው፤ አንድ ቀን ያሸንፋል፣ አንድ ቀን ይሸነፋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሥራ ልገባ ስዘጋጅ ሶፋው ላይ ሆኖ ስልኩን እያየ፣ «ሌላ በረኛ ሊያመጡ ነው ይባላል። ከምሥራቅ በኩል» አለኝ።

«ስንት ልጅ አለው?» አልኩት።

«ማን?»

«በረኛው ነዋ።»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያው ቼክ አድርግ።»

ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አገላበጠው። ከዚያ ሶፋው ላይ አስቀመጠውና፣ «እዚህ ላይ አልጻፉትም» አለኝ። ሺፍቴ ደርሶ ነበር፤ ዩኒፎርሜን ለበስኩና ወጣሁ።